ጾም ከተፈታ በኋላ ወደ ሰርዶ

ኡሙሀኒ ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያኑን ጾም መግቢያና መውጫ ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምትከታተለው። አዋሽ ሰባት ኪሎ አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁ በመጀመሪያው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «መምህርት አዲስአለም፣ ፍልሰታ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ። ከባቲ የወረደች፣ ሶላቷን የማታዛንፍ ሴት ናትና ግራ ገባኝ።

«ምነው፣ ለምን ፈለግሽው?»

«ለሀምዳ ነው እንጂ። እናንተ ስትጾሙ የየሆቴሉ ወጥ በዘይት ይሆናል። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ልጄን ይዤ መንገድ መውጣት የምችለው ያኔ ብቻ ነው።»

ሀምዳ ተማሪዬ ነበረች። ሌሎቹ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ያመጡትን ሲካፈሉ እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆም ነበር። እንኪ ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች። ኩራት ይመስለኝ ነበር። እናቷ ያን ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ እስክትነግረኝ ድረስ፣ አንድ ልጅ በአንድ ጉንጭ ወተት ሊሞት ይችላል የሚል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ኡሙሀኒ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ባቲ ነው። ጣሃ አሉት። እንደ አገሩ ወግ በተወለደ በማግስቱ ቅቤ አስዋጡት፤ አስመለሰው፣ ፊቱ ሽፍ አለ፣ ሙቀት ነው ተባለ። ጡቷ ሲያንስባት ደግሞ የላም ወተት ጀመሩለት። አንድ ጠዋት ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሹ እንደ ወናፍ እያፏጨ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እቅፏ ውስጥ አለፈ። የሰፈሩ ሴቶች ዓይን ነው አሉ። ሼኹ ዱዓ አደረጉላት። ቀበሩት። ባሏ ከድሩ መካኒክ ነበርና ብዙም ሳይቆይ አዋሽ ሥራ አግኝቶ ይዟት ወረደ።

ሀምዳ አዋሽ ተወለደች። ጡት በምትተውበት ጊዜ ጎረቤቷ ሙስሊማ፣ ደግ ሴት ናት፣ የፍየል ወተት አሙቃ በማንኪያ ቀመስ አደረገቻት። ማንኪያው ከአፏ ሳይወጣ ሕፃኗ ከንፈሯን ማከክ ጀመረች። ቀጥሎ ዓይኗ ተደፈነ፣ ገላዋ ሁሉ ንብ እንደነደፈው ሆነ። ሙስሊማ ጩኸቷን ለቀቀችው። ኡሙሀኒ ልጇን ይዛ ደጅ ወጣች፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን አታውቅም ነበር። ወዲያና ወዲህ ስትል ልጅቱ አስመለሳትና ቀስ በቀስ ተነፈሰች።

«ያን ጊዜ ነው ጣሃ ትዝ ያለኝ» አለችኝ። «እሱም በወተቱ ይሁን፣ በሌላ ይሁን፣ አላህ ያውቃል። እኔ ግን በእጄ ነው ያጠጣሁት።»

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ልጇን ከወተት መጠበቅ ሆነ። በመኪና መንገዱ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ቅቤ ከወጥ ቤቷ አስወጣች። የወሎ ሴት ሆና ቅቤ የሌለበት ወጥ ስታቀርብ ሾፌሮቹ ይስቁባት ጀመር፤ «ኡሙሀኒ ቤት ዓመቱን ሙሉ ጾም ነው» እያሉ። አንዳንዱ ወደ ሌላ ቤት ሄደ። የሀምዳ ድስት ለብቻ፣ ጭልፋዋ ለብቻ፣ ብርጭቆዋ ለብቻ ነው። ሰርግ ሲጠሩ ልጇን አብልታ ነው የምትወስዳት፤ እዚያም ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን ይዛት ትውላለች። አንድ ጊዜ ለለቅሶ ሄዳ ለሙስሊማ ትታት ነበር። ሙስሊማ ተጠንቅቃ ለብቻ ሠራችላት። ያማሰለችበት ማንኪያ ግን ጠዋት ቅቤ የነካ ነበር። ኡሙሀኒ ስትመለስ ልጅቱ አብጣ፣ ሙስሊማ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

ስለዚህ በሽታ ያልተባለ የለም። ጅን ነው ተባለ፣ ዓይን ነው ተባለ። ጸበል ውሰጃት ያሏትም ክርስቲያኖች ነበሩ። የጤና ጣቢያው ሰው፣ «ካልተስማማት አትስጫት» አላት። እውነቱን ነው። ሌላ የሚላት አልነበረውም።

በ1976 ዓመተ ምሕረት ክረምት አገሩ ሁሉ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ሊያከብር ይሰናዳ ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ልጆቹ ከረፋድ ጀምሮ ቀበሌ እየተሰበሰቡ መዝሙር ያጠኑ ነበር። እኔም አስተማሪ ነኝና አብሬ ተመደብሁ። በዚያው ሰሞን ከወሎ የተራበ ሰው መውረድ ጀምሮ፣ የእርዳታ የዱቄት ወተት ወደ ከተማው ገብቶ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስዩም ከእሱ ጥቂት አስመጥቶ፣ ልጆቹ ልምምድ ሲጨርሱ በባልዲ እየተበጠበጠ እንዲታደላቸው አዘዘ። ስዩም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን ደስ ያሰኘ መስሎት ነው።

ኡሙሀኒ ምግብ ቤቷን ዘግታ ልምምዱ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ወተቱ ሲመጣ ብድግ ብላ ሀምዳን ከሰልፉ ታወጣታለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ ስዩም ጠራት።

«ጓዲት ኡሙሀኒ፣ የአብዮቱ ልጆች ተሰልፈው ሲጠጡ ያንቺ ልጅ ለብቻዋ ምን ትሠራለች?»

«ወተት አይሆናትም፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ወተት የማይሆነው ልጅ የት ታይቶ ያውቃል? ሰው በረሀብ እያለቀ ልጅሽን ምርጫ ታስተምሪያታለሽ?»

«ወላሂ ያማታል። ታብጣለች።»

«እዚሁ እኔ ፊት ትጠጣ። ካመማት እናያለን» ብሎ ኩባያውን ወደ ልጅቱ ዘረጋ።

ኡሙሀኒ ኩባያውን ከእጁ ተቀበለችና ራሷ ግጥም አድርጋ ጨረሰችው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ስዩምም ሳይወድ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው አለፈ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባዶ ኩባያውን መለሰችለት። ወተት በነካው እጇ ሀምዳን እንዳትነካት፣ ውሃ እስክታገኝ ድረስ እጇን ከቀሚሷ አርቃ ይዛ ሄደች።

ነሐሴ እንደገባ ከሰርዶ መልእክት መጣ። ከድሩ በዚያ ዓመት ወደ ሰርዶ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተዛውሮ የካምፑን መኪናዎች ይጠግን ነበር። የአሰብ መንገድ ሾፌር ምግብ ቤቷ ሲወርድ፣ «ባልሽን ወባ ጥሎታል። ሰው አያውቅም። ድረሺለት» አላት።

እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ደንግጣ ነበር፤ ሆኖም ፊቷ ላይ አንድ ተስፋ የሚመስል ነገር አየሁ። «ፍልሰታ ላይ ነን፣ አይደል መምህርት? ጾሙ ገብቷል፣ አይደል?» አለችኝ። ገብቷል አልኋት። «አልሀምዱሊላህ። ገዋኔም፣ ሚሌም የጾም ወጥ አገኝላታለሁ።»

ግን ያን ጊዜ ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ያለ እሱ ኬላው ላይ ያወርዱሻል። ኡሙሀኒ በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ማኅተሙ ስዩም ጋ ነው አላት። ስዩም ለበዓሉ ስብሰባ ናዝሬት ሄዷል። ሲመለስ ደግሞ፣ የሴቶች ማኅበር አባላት በሙሉ ለበዓሉ ዝግጅት ስለሚፈለጉ ይለፍ ለጊዜው ቆሟል ተባለ። እኔም አብሬያት ሄጄ ለመንሁ። «ባሏ ታሟል፣ ጓድ ስዩም።» «ጓዲት መምህርት፣ የሁሉም ባል ታሟል» አለኝ፤ ደግሞም እውነቱን ነበር፣ ደጁ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ኡሙሀኒ በየጠዋቱ እየሄደች ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ጾሙም ቀኑን እየቆጠረ ያልቅ ጀመር።

ወረቀቱን የሰጧት ጾሙ የተፈታ ዕለት ነው። ከተማው በዶሮ ወጥና በቅቤ ሽታ ታውዶ ነበር። ወረቀቱን ይዛ ቤቴ ስትገባ እኔም ምድጃዬ ላይ የፍስክ ወጥ ጥጄ ነበር። ደጁ ላይ ቆመች።

«ሀምዳን ለእኔ ተዪልኝ» አልኋት። «እኔ እጠነቀቅላታለሁ።»

ምድጃዬን አየች፣ እኔን አየች። «አውቃለሁ መምህርት። ሙስሊማም ተጠንቅቃ ነበር» አለች። ቅር አላለኝም። ልጅቱን ትታት ብትሄድ ልቧ እዚህ፣ ይዛት ብትሄድ ልቧ መንገዱ ላይ። «ከሞተችም እጄ ላይ ትሙት» አለችና ወዲያው አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች፤ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት።

ለመንገዱ ቂጣ ጋገረች፣ ቆሎ ቆላች፣ ተምር ያዘች፣ ጀሪካን ውሃ ሞላች። የወሰዳቸው ሀብተ ሥላሴ የሚባል የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የምግብ ቤቷ የድሮ ደንበኛ። ረዳቱ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደበት ብቻውን ነበር የሚነዳው። እናትና ልጅን ጋቢና ውስጥ አስገባቸው። ሀምዳ ከአዋሽ ወጥታ አታውቅምና መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ሰጎን ባየች ቁጥር ትጮህ ነበር። ኡሙሀኒ በኋላ ስትነግረኝ፣ «እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ደስታዋ ራሱ ያስፈራኝ ነበር» አለችኝ።

ገዋኔ ላይ ከያዘችው አበላቻት። ሚሌ ሲደርሱ ቂጣው በሙቀቱ ሻግቶ፣ ቆሎውና ተምሩም አልቆ ነበር። የሚሌ ምግብ ቤቶች ሁሉ ፍስክ ናቸው። ኡሙሀኒ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች፣ «ቅቤ የሌለበት አለ?» ስትል፣ «ጾሙ ወጣ እኮ፣ እናት!» እያሉ ይመልሷታል። በመጨረሻ የዓለምወርቅ የምትባል ባለ ምግብ ቤት ነገሩን ጠይቃ ሰማቻትና፣ «ግቢና ራስሽ ሥሪላት» ብላ ወጥ ቤቷን ለቀቀችላት። ኡሙሀኒ ድስቱን በአመድ ፈተገች፣ በፈላ ውሃ አጠበች፣ እንደገና ፈተገች። ምስር በዘይት ሠርታ አበላቻት። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን ስታይ፣ አንገቷን ስታይ፣ ክንዷን ገልጣ ስታይ ቆየች። ምንም አልሆነችም። የዓለምወርቅ ስትሸኛቸው፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?» አለቻት። «ሁልጊዜ» አለቻት።

ሎጊያን አልፈው ሰመራ የሚባለው ሜዳ ላይ ወጡ። ዛሬ ከተማ ሆኗል ይላሉ፤ ያን ጊዜ ከጥቁር ድንጋይና ከነፋስ በቀር ምንም አልነበረበትም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሜዳውን አጋምሰው ሲሄዱ የመኪናው ራዲያተር ፈላ። ሀብተ ሥላሴ ወርዶ ክዳኑን በጨርቅ ቢከፍተው እንፋሎቱ ወደ ላይ ተተኮሰ። የሱ ውሃ አልበቃም።

«ኡሙሀኒ፣ እህቴ፣ ያንቺንም ካልጨመርሁ ከዚህ አንነሳም» አላት።

ጀሪካኑን ሰጠችው። ምን ታድርግ? እዚያ መቆምም ሞት ነው። ለሀምዳ በኩባያ ጥቂት አስቀረችላት፤ እሱም ወዲያው አለቀ። ሞተሩ እስኪበርድ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ልጅቱ መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለች፣ ከዚያ ዝም አለች፣ ከዚያ ራሷን መያዝ አቃታት። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣበቀ።

አንዲት አፋር ሴት ከየት እንደመጣች አይታወቅም፣ ፍየሎቿን እየነዳች ብቅ አለች። ልጅቱን አየችና ምንም ሳትጠየቅ ከትከሻዋ የዘንባባ የወተት ዕቃዋን አውርዳ ክዳኑን ከፍታ አቀረበችላት። በዚያ ድርቅ፣ ፍየሎቹ አጥንታቸው በሚቆጠርበት ዓመት፣ የነበራት ያ ብቻ ነው። ኡሙሀኒ ሁለት እጇን ዘርግታ ከለከለች። አፋርኛ ጥቂት ጥቂት ትችላለች። «ሐን» ወተት ነው፣ «ሌ» ውሃ። «ሐን አይሆንም! ሌ፣ ሌ!» አለቻት እየለመነች። ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። ወተቷን የናቀችባት መስሏት መሆን አለበት። ሀብተ ሥላሴ ከኡሙሀኒ የተሻለ ይችል ነበርና፣ ልጅቱን ወተት ያማታል ብሎ አስረዳት። ሴትዮዋ ልጅቱን፣ እናትየዋን፣ ደግሞ ልጅቱን አየች፤ ማመኗ ያስታውቅ አልነበረም። ሆኖም ወተቱን ራሷ ጠጥታ ጨረሰችው፤ በቆዳ ስልቻ የያዘችውን ውሃ በዚያው ዕቃ ቀድታ ዘረጋችላት። ሌላ ዕቃ አልነበራትም።

ኡሙሀኒ ዕቃውን በእጇ ይዛ ቆመች። ውሃው ላይ ነጭ ነገር እንደ ክር ይንሳፈፍ ነበር። የራሷ ኩባያ አለ፤ ግን ውሃው ወተቱን ነክቶ ወጥቷል፣ ወደ ኩባያው ብትገለብጠው ምን ይለወጣል? ድፍታ በስልቻው የቀረውን እንዳትጠይቅ ስልቻው ተጨምቆ አልቋል። ወደ ልጇ ዞረች። ሀምዳ ዓይኗ ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ምን ላድርግ?» አለችው።

«እኔ ምን ልበልሽ፣ እህቴ» አላት።

አጠጣቻት። ሁለት ጉንጭ፣ ሦስት ጉንጭ። የቀረውን በሻሿ ነክራ ግንባሯን አራሰችላት። ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች፣ ነቃ አለች። ሀብተ ሥላሴም ሞተሩን አስነሳ። ሴትዮዋ ዕቃዋን ተቀብላ ፍየሎቿን ይዛ ሄደች፤ ያዳነቻት መስሏት ነበር፣ ደግሞ ከውሃ ጥሙ አድናታለች።

ብዙ ሳይሄዱ ሀምዳ ከንፈሯን በጥርሷ ማከክ ጀመረች።

«እማ፣ ያሳክከኛል» አለች።

ኡሙሀኒ ይህን ቃል ሌላ ሰው በሌለው ጆሮ ነው የምትሰማው። አንገቷን ገለጠች። ሽፍታው ከደረቷ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ከንፈሯ ተነፋ፣ ዓይኗ ጠበበ። ቀጥሎ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፤ ኡሙሀኒ ያን ድምፅ ባቲ እያለች ሰምታዋለች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ንዳው! በአላህ፣ በማርያም ንዳው!»

«ብነዳው ይፈላል፣ ኡሙሀኒ! ከፈላ ደግሞ ውሃ የለንም!» ሰውየው ያለቅስ ነበር። ዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ ግን ወደ ኋላ ነው፣ ሎጊያን አልፎ። ሰርዶ ወደ ፊት ነው፣ ይቀርባል፤ ሆስፒታል ግን የለውም። «የቱ ይሻላል?» አላት። እሷ አታውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። ወደ ፊት ሄዱ።

ልጅቱን ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። በጣቷ ጉሮሮዋን ነክታ አስመለሰቻት። ጥቂት ውሃ ወጣ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም። የምታውቀውን ቁርአን ሁሉ ቀራችባት። አንድ ሱራ እየጀመረች መጨረሻው ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች። «ስሟን እየጠራሁ ነበር» አለችኝ። «ሀምዳ፣ ሀምዳ እያልሁ። መልስ ባትሰጠኝ እንኳ ስሟን ትስማ ብዬ።»

ካምፑ ሲደርሱ የልጅቱ ጥፍር ጠቁሮ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ታቅፏት እየሮጠ ገባ። የካምፑ ድሬሰር ይገዙ የሚባል የደጋ ሰው ነው። አያት፣ ደረቷን አዳመጠ፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ከፍቶ ዕቃውን ሁሉ አገላበጠ። የወባ ክኒን ነበረ፣ ፋሻ ነበረ፣ አዮዲን ነበረ።

«ለዚህ የሚሆን መርፌ አለ» አለ፣ «እኔ ጋ ግን የለም። ዱብቲ ነው ያለው። በደህና የሚሄደው አንዱ የካምፑ መኪና ደግሞ ለበዓሉ ዕቃ ሊያመጣ አሰብ ወርዷል።»

ሀብተ ሥላሴ ራዲያተሩን ሊሞላ ሮጠ፤ ግን ቱቦው ተቀዶ ኖሯል፣ ውሃው ከላይ ሲገባ ከታች ይፈስሳል። የሚጠግነው ሰው ተጠራ። የሚጠግነው ከድሩ ነበር።

ከድሩ በእግሩ ቆሞ መጣ። ከስቷል፣ ፊቱ ገርጥቷል፤ ግን ቆሞ ነው የመጣው። ወባው ከለቀቀው ሰነባብቶ ነበር። መልእክቱን ያመጣው ሾፌር ያየው በባሰበት ቀን ነው፤ ወሬው ሲደርስና ይለፉ ሲጠበቅ እሱ ድኖ ሥራ ጀምሯል። በሩ ላይ ደርሶ ሚስቱንና ልጁን ሲያይ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ለቱቦው መለወጫ ካምፑ ውስጥ አልነበረም፤ ልጁን ተቀብሎ መሬት ተቀመጠ፣ ደረቱ ላይ አስደገፋት። ይገዙ አጠገባቸው ተንበርክኮ የእጇን ሥር ይዞ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚያደርገው አልነበረውም፣ እሱም አልደበቀም። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ኡሙሀኒ ከንፈሯን ታያለች፣ ደረቷ ሲነሳ ሲወድቅ ታያለች። ሲነሳ ትጠብቃለች፣ ሲወድቅ ትጠብቃለች።

ማንም ምንም አላደረገም፤ ልጅቱ ግን ተመለሰች። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ ፉጨቱ ቀነሰ። እንደገና አስመለሳት፣ ከዚያም ረዥም አየር ሳበችና እንቅልፍ ወሰዳት። ጥፍሯ ቀላ። ይገዙ የሷን እጅ ለቀቀና ወጥቶ ከግድግዳው ኋላ ተቀመጠ። ለምን እንደዳነች እሱም አላወቀም። ያን ያህል ብቻ ስለቀመሰች ይሆናል አለ። ይሆናል።

ሲረጋጉ ከድሩ ሚስቱን፣ «ለምን አመጣሻት?» አላት። በቁጣ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ኡሙሀኒ አፏን ከፈተች፤ ስለ ወሬው፣ ስለ ይለፉ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ሙስሊማ፣ ስለ ጀሪካኑ ልትነግረው። የቱን ታስቀድም? ዘጋችው። «እንጃ» አለችው።

ሰርዶ እያሉ አንድ አዲስ ነገር መጣ። ሀምዳ መብላት ፈራች። እናቷ በገዛ እጇ ያበሰለችውን፣ በዓይኗ እያየች ያበሰለችውን ጭምር፣ ቁራሹን ይዛ ታየዋለች እንጂ አትጎርስም። አንድ ቀን፣ «እማ፣ አንቺ መጀመሪያ ቅመሺው» አለቻት። ኡሙሀኒ ቀመሰችላት። የሷ መቅመስ ለልጅቱ ምንም እንደማይጠቅም ታውቃለች፤ እሷን የማይነካት ልጅቱን ይገድላታል። ግን ያን ለልጅ እንዴት ብሎ ይነገራል? ቀመሰች፣ «ደህና ነው» አለቻት፣ ልጅቱ በላች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየገበታው እንዲህ ሆነ። «በየቀኑ እዋሻታለሁ» አለችኝ። «ደህና ነው እላታለሁ። ደህና መሆኑን እኔ በምን አውቄ?»

ለመስከረም ሁለት በዓል አልደረሱም። የተመለሱት ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው፤ መንገድ ላይ የትም ሳይወርዱ፣ ደረቅ ቆሎ ብቻ እየበሉ።

በዚያው ዓመት ከድሩ ልጁን ይዞ በባቡር ድሬዳዋ ወረደ፣ እናትየዋም አብራ። ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ወጣት ዶክተር በትዕግሥት ሰማቸው። ኡሙሀኒ ስለ ጣሃ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ዘንባባው ዕቃ ነገረችው። ስሙን የነገራት እሱ ነው። አለርጂ ይባላል አላት። ጅን አይደለም፣ ዓይን አይደለም፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም።

«መድኃኒቱስ?» አለችው።

«የሚያጠፋው የለም። መጠንቀቅ ነው። ሲነሳባት ቶሎ ሐኪም ቤት ካደረሳችኋት መርፌ አለ።»

ኡሙሀኒ ራሷን ነቀነቀች። መጠንቀቅ ያለው ሥራ ስሙን ሳታውቀውም ስትሠራው የኖረችው ነው። ስለ ጣሃም ጠየቀችው፤ እሱም በዚህ ይሆን የሞተው ብላ። ዶክተሩ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት፣ «ተወው» አለችው። ተነስተው ወጡ።

በሚቀጥለው ክረምት ልጆቹን ወደ አዋሽ ፓርክ ፏፏቴውን እንዲያዩ ልወስዳቸው ተፈቀደልኝ። ሀምዳ መጥታ፣ «እኔም ልሂድ?» አለችኝ። እናቷን ጠይቂ አልኋት። ኡሙሀኒ አብራ መምጣት አትችልም፤ መኪናው ላይ ቦታ የለም፣ እሷም በዚያ ሰሞን ነፍሰ ጡር ነበረች። እንቢ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሂጂ» አለቻት።

ምሳዋን ቋጠረችላት። ቋጠሮውን ለእኔ ሰጠችኝ። መኪናው ሲነሳ ደጅ ቆማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እዚያው ነበረች፤ ምግብ ቤቱን አልከፈተችም ነበር። ልጆቹ እየዘለሉ ወረዱ። ሀምዳ ስለ ውሃው፣ ስለ አዞው፣ ስለ ጦጣው እየጮኸች ወደ እናቷ ሮጠች። ኡሙሀኒ የምትለውን አልሰማቻትም። አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጋ ከንፈሯን አየች፣ አንገቷን አየች፣ ክንዷን ገልጣ አየች።

ደህና ነበረች። ያን ቀን ደህና ነበረች።